አልነሳም ያለችው ሁለተኛዋ ሚኒባስ

ሰኞ

ዛሬም አልሄደችም። ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ ተነስታ ሰበታ መግባት ያለባት ሚኒባስ ገና ሳትነቃነቅ ጌሜ ድርግም ይላል። ቀዩ ጽሑፍ «ሊስቱ የለም» ይለኛል። አለ እንጂ! ሚኒባሷ ያለፈችበትን የምትመዘግብበት ዝርዝር ነው፤ ስሙን ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

የመመረቂያ ሥራዬ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ሚኒባሶቹ ራሳቸው ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ዓርብ አቀርባለሁ። ከወደቅሁ ዓመቱን እደግማለሁ። አባዬም «ጌም ስትጫወት ከረመች» የሚለው እውነት ሊሆንለት ነው።

ማክሰኞ

ለካ ሊስቱ እውነትም አልነበረም። ስም አውጥቼለት መፍጠሩን ረስቼዋለሁ። ልጁ ሳይወለድ ክርስትና ማንሳት ማለት ነው። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ሚኒባሷ እየበረረች ሰበታ ገባች። ጮህኩ። እማዬ ተኩስ የሰማሁ መስሏት በሩን ቀረቀረች። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ሰበብ ረብሻ ከተነሳ ወዲህ ሁላችንም ድንጉጥ ሆነናል። ኢንተርኔትም ተቋርጧል፣ የምጠይቀው የለም።

ደስታዬ አሥር ደቂቃ ቆየ። ሁለተኛዋን ሚኒባስ ሳስነሳት ንቅንቅ የለም።

ረቡዕ

የሞከርኳቸው፦ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት። የሚኒባሷን ቀለም መቀየር (አፍሬያለሁ)። ማልቀስ። ማልቀሱ ይሻላል።

ያገኘሁት፦ ሚኒባሷ ተመልሳ እንዳትዞርበት፣ ያለፈችበትን መስቀለኛ መንገድ ሁሉ ሊስቱ ላይ ትጽፋለች። ሁለተኛዋ ስትነሳ ግን መንገዱ በሙሉ «ታልፏል» ተብሎ ይጠብቃታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሁለት ቀን ቀረኝ፤ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ የእውነት ሚኒባስ ሹፌር ናቸው። መንገድ ስለተዘጋ ሥራ ፈትተው ከጀርባዬ ቆመው ያዩ ነበር።

«ይቺ ምን ሆና ቆመች?»

«የፊተኛዋ መንገዱን ሁሉ ይዛባት።»

ሳቁብኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ከተራ በወጣሁ ቁጥር መብራት ብልጭ አድርጌ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር እጠይቃለሁ። የጠዋቱን ወሬ ይዤ ከሰዓት ብነዳማ ከሰፈርም አልወጣ!»

ዘልዬ ኮዱን ከፈትኩ። ሊስቱን የፈጠርኩት አንዴ ብቻ፣ ከላይ፣ ለሁሉም ነበር! መስመሩን ሚኒባሷ ወደምትነሳበት ቦታ አወረድኩት፤ እያንዳንዷ ስትነሳ የራሷን ባዶ ሊስት ትያዝ። አሥሩም ሰበታ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳን ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን «ሰው ሳይሞሉ ነው እንዴ የሚነሱት?» ብለው ቅር አላቸው።

ዓርብ

ኦቦ ቶሎሳ ሦስት ሹፌር ጠይቀው፣ ሁለቴ ዞረው ኮሌጅ አደረሱኝ። ፈታኙ መምህር ግን የሉም፤ የሚመጡት ከሰበታ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ አቧራ ለብሰው ገቡ። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ፣ አሥሩ ሚኒባሶች ተራ በተራ ሰበታ ሲገቡ ቆመው አዩ።

«አልፈሻል» አሉኝ። «በይ አሁን በአንዷ ጫኚኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አባዬ ማለፌን ለጎረቤት ሁሉ እያወራ ነው። እኔ ለመምህሩ ሦስቴ ደወልኩላቸው፣ አይነሳም። ብቻ በሰላም ይግቡልኝ።