እኔው የለጠፍኩት ቦሎ

ለክፍለ ሀገሩ የተሽከርካሪ ደኅንነት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ዲሴምበር 6 ቀን 2019
ላንስ ቬርት፣ ኬፕ ብሬተን

ጉዳዩ፦ በእጄ የለጠፍኩት ቦሎ እንዲሰረዝና የመርማሪነት ፈቃዴ እንዲነሣ ስለ ማመልከት

ክቡር ሆይ፣

ኦክቶበር 17 ቀን 2019። የወይዘሮ ዜልያ ኦኩዋን መኪና ምርመራውን አልፋለች ብዬ ፈረምኩ፤ አላለፈችም ነበር።

እኔ አመልካቹ ፕላሲድ ቡድሮ በላንስ ቬርት፣ ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ባለው ጋራዥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ መኪና እየመረመርኩ ቦሎ መለጠፍ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ቀን በፊት የሐሰት ፊርማ አልፈረምኩም። ይህን የምለው ቅጣት እንዲቀልልኝ አይደለም። ሳላውቅ የሠራሁት ስሕተት ነው ብለው እንዳያልፉኝ ነው።

1. መኪናዋ የ1989 ሥሪት፣ ባለ አራት በር፣ ቀለሟ የቅቤ ዓይነት ቢጫ ናት። የወይዘሮ ዜልያ ወንድም ዩሊስ አሪዞና በረሃ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ነዷት፤ ሲሞት ለእኅቱ ተናዘዘላት። በ2015 በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ዳሽቦርዷ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የመቀመጫዋ ጨርቅ በጣት ሲነኩት ይበናል። ከሥሯ ገብቼ ሳይ ግን፣ የፋብሪካው ሠራተኛ በጠመኔ የጻፈው ቁጥር ሻንሲው ላይ አልጠፋም ነበር። እዚህ አገር የሦስት ዓመት መኪና እንኳ እንዲህ ያለ ሻንሲ የለውም። የእኛ መኪኖች ከላይ ያበራሉ፣ ከሥር ይነቅዛሉ።

2. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ብርድ ብቻውን ብረት አይበላም። ወንድሜ የሚኖረው ከባሕር በራቀው በሳስካችዋን ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ከመበርታቱ የተነሣ ጨው በረዶውን አያቀልጠውም፤ መንገዱ ላይ አሸዋ ይበትናሉ። ወንድሜ ዛሬም አባታችን የገዛትን መኪና ይነዳል። የእኛ መንገድ ግን በአንድ ክረምት ሃያ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ሃያ ጊዜ ይቀልጣል። በቀዘቀዘ ቁጥር ጨው ይበተንበታል፤ የጎደለውን ባሕሩ ይሞላል። ስለዚህ የላንስ ቬርት ሰው ኦክቶበር ሲገባ መኪናውን ከሥር ዘይት ያስረጫል፤ ከዚያም ወደ ድንጋይ ካባው በሚወስደው አቧራማ መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አቧራው ዘይቱ ላይ ይጋገርና ቅርፊት ይሆናል። ዓሣ አጥማጁ አልሲድ ሾሶን የሃያ ሁለት ዓመት ፒካፑን ክረምቱን ሙሉ ደጅ ያሳድራታል። «የኔዋ ዱቄት ለብሳ የተጠበሰች ዓሣ ናት። ጨው ቢነሰንሱባት ትጣፍጣለች እንጂ ምንም አትሆን» ይላል። ጊዜዋ በደረሰ ቁጥር እመረምራታለሁ፤ ታልፋለች።

3. እኔ ወይዘሮ ዜልያን የመከርኳቸው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያን ንጹሕ ብረት በዘይት ማቆሸሽ አሳዘነኝ። «ማዳም ዜልያ፣ ይቺ የበረሃ ልጅ ናት፤ ብርድ አታውቅም። ዘይት እንዳያስረጩባት። የሟቹ ባለቤትዎ ጋራዥ ማሞቂያ አለው፤ እዚያ ያሳድሯት» አልኳቸው። አልሲድ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«ፕላሲድ፣ ፍቅር ይዞሃል። ብርድ ልብስም ደርብላት እንጂ!» አለኝ።

ሁላችንም ሳቅን።

ጨው ያለበት በረዶ ደጅ ሲያድር ደርቆ ይተኛል። ሙቀት ውስጥ ሲገባ ግን ይቀልጥና በየስፌቱ እየሰረገ ብረቱን ይበላል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ወይዘሮ ዜልያ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ የተባሉትን ሳያጓድሉ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ምክሬን አራት ክረምት ጠበቁልኝ። በ2017 ስመረምራት ዝገቱ መጀመሩን አይቻለሁ። ያን ጊዜ ለማለፍ ትበቃ ስለ ነበር ዝም አልኩ።

4. ባለፈው ኦክቶበር ካቻቪቴዬን በግራ በኩል የኋላው ሞላ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ብረት ላይ ጫን ሳደርገው እስከ እጀታው ገባ። በዚያው በኩል ያለው የፍሬን ቱቦ ተላልጧል። ወይዘሮ ዜልያ ከምድጃው አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እንደ ልማዳቸው ከዓሣና ከድንች የተጠበሰ ቂጣ በፎጣ ጠቅልለው አምጥተውልኛል።

«ልጃችን እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኩ።

ቃሉ ሳላስብበት ከአፌ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ግን አስቤበት ነው ያደረግሁት። ለብየዳ የሚሆን ብረት ስላልቀረ ላሜራ ቆርጬ ቀዳዳው ላይ በሙጫ አጣበቅሁ። የፍሬን ቱቦውን እንዳለ ተውኩት። በሁሉም ላይ ጥቁር ቅጥራን ቀባሁበት። ቅጥራኑ ሲያዩት ያምራል። ከሥሩ ያለውን ጨው ግን እንደ ድስት ክዳን አፍኖ ይዞታል። ከዚያ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፣ ያመጡልኝን ቂጣ በላሁ።

መኪናዋ ወድቃለች ብላቸው «ለምን?» ይሉኝ ነበር። መልሱ እኔ ነበርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

5. ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስለነሣኝ ኖቬምበር 24 ቀን ቤታቸው ሄድኩ። መኪናዋን መንዳት እንዲያቆሙ ለመንኳቸው።

«ምን ሆነች?»

«ጨው በልቷታል።»

«በአምስት ሳምንት? የጨው መኪናው ገና ከመጋዘኑ አልወጣም እኮ፣ ልጄ።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ይህን እሳቸው በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት።

«ሦስት ጊዜ ‹ይሽጡልኝ› ብለኸኛል። እንቢ ስልህ አሁን በማስፈራራት መጣህ?»

መኪናዋን ሦስት ጊዜ ለመግዛት መጠየቄ እውነት ነው።

«ቦሎው ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ የትኛውን ፕላሲድ ልመን? የፈረመውን ወይስ ደጄ ቆሞ መሬት መሬት የሚያየውን?»

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እሳቸው በር አይወረውሩም።

በማግስቱ አልሲድን «ማዳም ዜልያን ምከርልኝ» አልኩት። «አራት ዓመት ስታሞግሳት ኖረህ ዛሬ ታማታለህ? ፍቺ ነው እንዴ?» ብሎ ከጀልባው ሳይወርድ ሳቀብኝ። ለእርሱም ቅጥራኑን አልነገርኩትም። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማላውቀው ሰው በወረቀት መሆኑ ራሱ ያሳፍራል።

6. የጨው መኪናው ኖቬምበር 28 ወጣ። ወይዘሮ ዜልያ ዓርብ ለልምምድ፣ እሑድ ለቅዳሴ፣ ሦስት የመዘምራን ጓደኞቻቸውን ጭነው ተራራውን ይሻገራሉ። ከአራቱ ታናሺቱ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በቁልቁለቱ አሥራ አንድ ጠመዝማዛ አለ፤ በግራ በኩል ያለው ባሕር ነው። ፍሬን የሚያዝበትም ያ ቁልቁለት ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፦

አንደኛ፣ ኦክቶበር 17 የለጠፍኩት ቦሎ ዛሬውኑ እንዲሰረዝ። ወይዘሮ ዜልያ ቃሌን አያምኑም፤ የጽሕፈት ቤትዎን ማኅተም ግን ያምናሉ።

ሁለተኛ፣ ታርጋ የመንቀል ሥልጣን ያለው መርማሪ ከእሑድ በፊት እንዲላክ። ቅጥራኑን በግራ በኩል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ይፋቀው። ካቻቪቴ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ የመርማሪነት ፈቃዴ እንዲነሣ። በዚህ ዓመት ቦሎ የለጠፍኩባቸው ሌሎች አርባ ስድስት መኪኖች አሉ። ሁሉም በትክክል ያለፉ ናቸው እላለሁ፤ ሆኖም ከእንግዲህ የእኔ መሐላ ስለማይበቃ ሌላ ሰው እንደገና እንዲያያቸው። ዝርዝራቸውን አያይዣለሁ።

አራተኛ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢጫዋ መኪና አሁን መስኮቱ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች። የዛሬው የዓርብ ልምምድ ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ነበር። ሦስቱ ሴቶች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዷ የመዝሙር ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። ማዳም ዜልያ ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ እየወረዱ ነው። ሞተሩን አላጠፉም።

ይህ ማመልከቻ እጅዎ እስኪገባ ቢያንስ አራት ቀን ይፈጃል፤ «ዛሬውኑ»፣ «ከእሑድ በፊት» ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ተራራው ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።

አራተኛውን ሳልጽፍ አቆማለሁ። ወረቀቱን ለፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ለሮዛሊ እተወዋለሁ፤ ቴምብሩን እሷ ትለጥፍበታለች። እኔ የመኪናዋን ቁልፍ ልነቅልና፣ ቅጥራኑን ማን እንደ ቀባው በአራቱም ፊት ልናገር ወጥቻለሁ።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ጋር፣

(ፊርማ)
ፕላሲድ ቡድሮ
የመርማሪነት ፈቃድ ቁጥር 4417