የደስታ ደብተሬ የተነበበበት ቅዳሜ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ አባይነሽ፤

እንዴት ከረምሽ እትዬ? ወገብሽስ? የጋምቤላ ሙቀት ለወገብ ጥሩ ነው ብለውሽ ነበር፤ አሻለሽ ወይስ ላብ ብቻ አተረፍሽ? ጋሼ ከበበስ እንዴት ነው፣ ዛሬም ሬዲዮ ሲከፍት ከዜና አንባቢው ጋር ይጨቃጨቃል? ርሆቦት የጀመረችው ትምህርት እንዴት ሆነላት? ሲሞን የወለቁት የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት? የግቢያችሁ ማንጎ፣ ተማሪዎችሽ፣ ልብስ የምትበላባችሁ የጎረቤት ፍየል፣ ሁሉም ሰላም ነው? ከፋሲካ ወዲህ ድምፅሽን ስላልሰማሁ ጥያቄው በዝቶብሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

እዚህ ላይ ወጉ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን የሚለውን እንዳለ ውሰጂው። ደህና ነኝ የሚለውን ግን ዛሬ አልጽፈውም። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ ትዪ ይሆናል፤ ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል፤ አንቺ ጠይቀሽ ሳትጨርሺ እሱ ደህና ነኝ ብሎ ጨርሷል። ወረቀት ላይ ግን እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ እደርስበታለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ለሥልጠና መጥቶ የነበረው የጋሼ ከበበ ባልደረባ ነው። አሽጌ ነው የሰጠሁት፤ መንገድ ላይ ከፍቶት ከሆነም እሱም ይማርበት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። ምግብ አይጥመኝ፣ ሰው አይናፍቀኝ፣ ኳስ እንኳ አያጓጓኝ ሆነ። አዝኜ አይደለም እኮ፤ ሐዘን ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ቀበና ያለው ቢሮዬ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ለታክሲ እሰለፋለሁ፣ እሑድ እዘምራለሁ፤ ሁሉንም ግን ሌላ ሰው በውክልና የሚያደርግልኝ ይመስለኝ ነበር። አለቃዬ ጠዋት ጠዋት ዘና በል እንጂ ይለኛል፤ ሲለኝ ግን የሩብ ዓመት ሪፖርት እንደሚጠይቅ ሰው ነው፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደማደርስለት ብቻ ነው ያልነገረኝ።

ኅዳር ላይ ጸጋ ዘጠኝ ዓመት የጸለይንበትን ነገር፣ ማርገዟን ነገረችኝ። ላንቺ በስልክ ተንበርክኬ አለቀስኩ ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው እትዬ። አልተንበረከክሁም፣ አላለቀስኩም፣ ምንም አልተሰማኝም። ጋዙ አልቋል ያለችኝን ያህል ነው የሰማኋት። ከዚያ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ ትዝ ሲለኝ እልል አልኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ወንድ ኩሽና ውስጥ እልል ሲል አስቢው። ጸጋ አየችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ መጥቶ፣ አቅፌው፣ እንዲሁ ቀዝቅዤ ባየውስ?

ጸጋ ናት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ የወሰደችኝ። ተረጋጊ፣ አልታሰርኩም፣ አላበድኩም፤ ሐኪም ያዘዘልኝን ኪኒን እየወሰድኩ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ናፍቆት የምትባል ልጅ ፊት ተቀምጬ አወራለሁ። ከርሆቦት በሁለት ዓመት የምትበልጥ ነው የምትመስለው፤ መጀመሪያ ቀን እናትሽ የለችም ወይ ልላት ምንም አልቀረኝ። ድባቴ ይባላል አለችኝ። ሰው ድባቴን ሐዘን የበዛበት ነገር አድርጎ ያስበዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚወስደው ደስታን ነው፣ መጓጓትን፣ መውደድን፣ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ መጠበቅን አለችኝ። ይባስ ብሎ ትንሽ ደስታ ብቅ ስትል ሰውየው ራሱ ያባርራታል፤ ይሄ አይበረክትም፣ ለእኔ አይገባኝም እያለ።

ይሄን ስትለኝ እማዬ ትዝ አለችኝ። ጠግበን ከሳቅን «ለደግ ያድርገው» ትልና ሳቃችንን እንደ ድስት ትከድነው አልነበር? ለናፍቆት ነገርኳት። እናትህን አልነካም አለችኝ፤ እሳቸው ከሳቃችሁ በኋላ ነበር የሚሉት፣ አንተ ግን ገና ሳትስቅ ነው የምትለው።

እናም የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በየቀኑ ትንሽም ብትሆን ደስ ያለችኝን አንድ ነገር መያዝ፣ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ እሷ ላይ መቆየት፣ ከዚያ ደብተር ላይ መጻፍ። ከብዶኝ የነበረ ነገር ካለም እዚያው እንድጽፈው። የመጀመሪያውን ሳምንት «ጌታ ሰላሙን ስላበዛልኝ» ብዬ ሰባት ጊዜ ጽፌ ወሰድኩላት። አነበበችና ይሄ ቆንጆ ምስክርነት ነው፣ ምን ሆነህ ነው ግን? አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ሻይ» ብዬ ጻፍኩ። ሻዩ ምን ሆነ አለችኝ። ጠጣሁት አልኳት። ጣፈጠህ ወይ አለችኝ። ትኩስ ነበር አልኳት። ልጅቷ በዲግሪ የተመረቅሁ ይመስል አጨበጨበችልኝ።

አንድ ቀን ጸጋ አየር ቀይር ብላ እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። ሽቅቡን ስንወጣ እርጉዟ እሷ ናት፣ የሚያለከልከው እኔ። እላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ የሙሽሪት ቬሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረገ ሲሄድ ትንሽ ደስ አለኝና ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አራት ላይ ስደርስ አንዱ ሚዜ መጥቶ ሙሽሪትን ከየት ነው የምታውቃት አለኝ። አላውቃትም አልኩት። ታዲያ ምን አፈጠጥህባት አለኝ። ጸጋ ልታድነኝ ብላ ምንም አይደለም፣ ታዞለት ነው አለችው። ሚዜው ሁለት ጓደኞቹን ጠራ። የቀረችውን ስድስት ቁልቁለት ላይ ጨረስኳት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት የብሎካችን አማኞች ተራ በተራ በየቤቱ ለጸሎት እንሰበሰባለን። መሪያችን ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በግብርና አሳልፈው ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የእያንዳንዱን ሰው የጸሎት ርዕስ በሰማያዊ ደብተር መዝግቤ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ፣ እኛ አሜን እንላለን። የናፍቆትንም የቤት ሥራ የምጽፈው በሰማያዊ ደብተር ነው። ሁለቱንም ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ነው የገዛኋቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ገምተሽዋል፤ ቢሆንም ልንገርሽ።

የካቲት መጨረሻ፣ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ሃያ የሚሆን ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በዚያ ሁሉንም ነገር በአንድ ዜማ በሚያነብ ድምፃቸው ጀመሩ። ሰኞ፤ ሻይ ጠጣሁ፣ ትኩስ ነበር። ሕዝቡ አሜን አለ። ለካ የሰጠኋቸው የናፍቆትን ደብተር ነው። ማክሰኞ፤ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ራሱ መስኮቱን በመታ ቁጥር መስኮቱን ይቅርታ ይጠይቃል። አንዲት እህት ጌታ ሆይ አሳርፈው ብላ ለሰውየው መጸለይ ጀመረች። ረቡዕ፤ ቀበና ሁለት ሳምቡሳ በላሁ፣ ጸጋ አታውቅም። ጸጋ ለጨጓራዬ ብላ ዘይት ከከለከለችኝ ዓመት አልፏል፤ ሁሉም ሰው ዞሮ አየኝ። እማማ የማርያምወርቅ የተባሉት ጎረቤታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የሳምቡሳውን መንፈስ በኃይል ገሠጹት።

ለምን አላስቆምካቸውም ትዪኝ ይሆናል። ልነሣ ነበር። ግን ሐሙስ መጣ። ሐሙስ፤ አለቃዬ በስብሰባ መሃል ጎንበስ ሲል ሱሪው ተቀደደ፣ ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቱ ደግ አይደለም፣ ግን በጣም ደስ አለኝ። ጋሽ ዋቅቶላ ይሄንንም እንደ መዝሙር አነበቡትና ቀና ብለው አሜንን ጠበቁ። ቤቱ ፈረሰ ልበልሽ። አንዱ ሲስቅ ሌላውን እየጎተተ፣ እኔም ሳላስበው ከውስጤ ፈነቀለኝ፤ ከነሐሴ ወዲህ ያልሳቅሁትን በሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅሁት። አንድም ቁጥር አልቆጠርኩም። እማማ የማርያምወርቅ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ለደግ ያድርገው አሉ።

ጋሽ ዋቅቶላም ሳቁ ጋብ ሲል ቀጣዩን ማንበብ ጀመሩ። ጸጋ ማርገዟን የነገረችኝ ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እልል ያልኩት በአፌ ነው፤ ልጁ ሲመጣም እንዲሁ ከሆንኩስ? ድምፃቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ምን እንዳነበቡ የገባቸው ካነበቡት በኋላ ነው። አሜን የሚል ጠፋ። ጸጋ ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ ቢላዋው ዳቦው መሃል ቀረ።

ቀድመው የተናገሩት እማማ የማርያምወርቅ ናቸው። እኔ አምስት ወልጃለሁ አሉ፤ ሦስተኛውን ስወልድ የሰው ልጅ ያቀፍኩ ነበር የሚመስለኝ፣ እስኪድህ ድረስ ምንም አላለኝም፤ ዛሬ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ለሌሎቹ ብቻ አትንገሩብኝ። ከሌሎቹ ሁለቱ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ቀጥሎ ጋሽ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አወለቁ። ሦስተኛ ፎቅ የገባሁ ጊዜ ሁለት ክረምት ዝናብ መጥቶ ደስ ሳይለኝ ሄደ አሉ፤ ገበሬ ሆኜ። ለማንም አልነገርኩም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ከዚያ በኦሮምኛ አጭር ጸሎት አደረጉልኝ፤ ሲጨርሱ ደብተሩን ዘግተው ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው መለሱልኝ።

ጸጋ ሦስት ቀን «ብላ» ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን አጠገቤ ቁጭ አለች። አልተሰማኝም ማለትህ አላስቀየመኝም፣ ያስቀየመኝ እልልታው ነው አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬህ ኖሬ የምታስመስልብኝ እንግዳ ነኝ ወይ? ደስታው ከሌለ የለም በለኝ፣ አብረን እንጠብቀው። ከዚያ እሷም ገለጠችልኝ። ያቺን ሁለት ወር ሞልታ የጠፋችውን ጽንስ ታስታውሺያለሽ። ይቺም ትሄድብኛለች ብላ በመፍራት አንድም ቀን ሆዷን ዳብሳ ደስ ብሏት አታውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለታችንም ደስታን እያባረርን ኖረናል። ያን ቀን ተቃቅፈን ስናለቅስ ዋልን፤ ወጡም አረረ።

ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ካልሲ ማድረግ ተራራ ይሆንብኛል። ግን ባለፈው ሰኞ የሆነውን ስሚኝ። በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ የመከለያው ብረት ክፍተት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሜትር አምጥቼ ለካሁት፣ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር። የሕፃን ጭንቅላት ያስገባል። ልብሱን እንዳለ ትቼ ብየዳ ቤት ወዳለው ወደ ፉፋ ወረድኩና ዛሬውኑ በየመሃሉ ብረት አስገባልኝ አልኩት። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ይሄዳል ወይ አለኝ። ሁለት ወር ተኩል ይቀራታል አልኩት። ለመሄድ? አለኝ። ለመወለድ አልኩት። ፉፋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝና ታዲያ ክረምቱ ይውጣ፣ ምን አስቸኮለህ አለኝ። እትዬ፣ ተቆጣሁ! እሷ ልጅ ነገር ሳትመረምር የምታርፍ አይደለችም፣ ቁልቁል ማየት ትወዳለች፣ ኋላ ብትወድቅ አንተ ነህ ወይ የምትጠየቀው ብዬ ጮኽኩበት። ሐኪሙ ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አልነገረንም እኮ። ፉፋ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሜትሩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ ለካ ሳልጠራት ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ መሯሯጥ ጀምራ ነበር።

ብረቱ በማግስቱ ተበየደ፣ አረንጓዴ ቀለምም ተቀባ። ጸጋ ከሥራ ስትገባ ምን ሆነህ ቤታችንን እስር ቤት አደረግኸው አለችኝ። ነገርኳት። ሄዳ ብረቱን ያዘችው፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ያንኑ አረንጓዴ መዳፍ ሆዷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቀሚሱ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀም፤ እሷም ልትጥለው እምቢ ብላለች።

ሐምሌ ሲገባ እንድትመጪ ሁለታችንም እንለምንሻለን። ጋሼ ከበበን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ አንቺን ለአንድ ወር ስለነጠቅሁት ካሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ርሆቦትን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ እንደ ናፍቆት ያለ ሥራ ያላት ሰው እንድትሆን እመኛለሁ። ሲሞንን ሁለቱንም ጉንጩን፣ ጥርስ ካልበቀለለት ደግሞ ሳቁን እንዳይደብቅ ንገሪልኝ። ጸጋን በጣም ናፍቀሻታል። ጋሽ ዋቅቶላና እማማ የማርያምወርቅ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ። መጥተሽ ልጄን ስታቅፊያት ደስ ብሎት ይሆን ብለሽ ወደ እኔ ፊት አትዪ። እሷን እዪያት። እኔም እሷን ነው የማየው።

ወንድምሽ ኤልቃና
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.