የቶላ ስንቅ

ይድረስ በአካል ለራቅኸኝ፣ ከልቤ ግን ላልወጣኸው ለቶላዬ፤

ከተለየኸኝ እነሆ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። በሕይወት ሳለህ አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም፤ ዘመቻ ካልወጣህ በቀር ሁልጊዜ ከጎኔ ነበርህ፣ ምን ያስጽፈኛል? አባቴ ቄሱ ያስቆጠሩኝ ፊደል እስካሁን ያገለገለኝ ዳዊት ለመድገም ብቻ ነው። ዛሬ ግን የምሥራች ይዣለሁ፤ ላንተ ሳልነግርህ ማደር አልቻልሁም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በነፋስ እየተከፈተ ሲያበሳጭህ የነበረውን የጓሮ በር በጠፍር አሠርሁት። በቅሎህን ወንድምህ ወደ የካ፣ እናትህ ዘንድ ወስዷታል፤ አሁንም እንዳመሏ ትራገጣለች። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ ጥዱ ዕለት ዕለት እየተቆረጠ ተራራው ራሰ በራ ሆኗል። አንተ ስለ መላጣህ ትጨነቅ ነበር፤ አሁን ጓደኛ አግኝተሃል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህ ቤት የተሰጠን አንተ የአሳዳሪያችን የወይዘሮዋ የጠጅ ቤት አለቃ ስለነበርህ ነው። ካረፍህ በኋላ አዝነውልኝ ዝም አሉ እንጂ፣ በቦታህ የተሾመው ሰው ቤት ይፈልጋል። ከፋሲካ በፊት አስጠሩኝና፣ “ልጄ፣ ወጥ ቤቴ ገብተሽ እጅሽን አሳዪኝ። ከሆነልሽ ቤቱ ያንቺ ይሁን፤ ካልሆነ ለሰውዬው ልቀቂለት” አሉኝ። ጭቃውን አብረን ያቦካነውን ቤት! ከወጥ ሌላ የማውቀው እንደሌለ ታውቃለህ፤ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እሺ አልሁ።

ሥራው ምን መሰለህ? ለንጉሡ ጠመንጃ የሚያድሰው ሽማግሌ ፈረንጅ ለወይዘሮዋ ቸኮላት የሚባል ነገር አምጥቶላቸው ኖሯል። ጥቁር ነው፣ እንደ አሞሌ ጨው ተቆርጦ የተደረደረ፣ ሲቀምሱት መራራ። ከበዓሉ በኋላ ለሚጋበዙት እንግዶች ከእሱ ጣፋጭ ይሠራልኝ አሉ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ፈረንጁ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳኝ። በቀዝቃዛ እሳት አቅልጪው፣ ቅቤና ማር ጨምሪ፣ የእንቁላል አስኳል ምቺበት፣ ከዚያ እንደ እርጎ ይርጋ አለኝ።

እንግዲህ ቅቤ ሲባል ወጥ ቤት ውስጥ የማውቀው አንድ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረው። እሱ ለካ ለጋውን ማለቱ ነበር። እኔ ንጥሩን ያለስስት ገለበጥሁበት፣ እሳቱንም ቆሰቆስሁት። ሳማስለው ሳማስለው ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ቶላዬ፣ ቅቤው የተንሳፈፈ ወጥ ደረሰ አይደል? እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ይብሰል ብዬ ጭራሽ አንተከተክሁት።

ፈረንጁ መጥቶ ክዳኑን ሲያነሣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከታች አሸዋ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ፣ ከላይ ቢጫ ቅቤ፣ ሽታው ደግሞ የዶሮ ወጥ። “ሞተ፣ ቸኮላት ሞተ” አለና ወጣ። የወጥ ቤቷ አዛዥ እትዬ በለጡ ማማሰያቸውን እንደያዙ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። “እንግዲህ በእንጀራ እናቅርበው?” አሉኝ።

የነበረው ቸኮላት ያ ብቻ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ በማግስቱ። ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለቸኮላቱ እንዳይመስልህ፤ እሱ ገደል ይግባ። ያለቀስሁት ታመህ እጄን ይዘህ ለተኛህበት ለዚያ መደብ ነው። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ነው!

እያለቀስሁም ዓይኔ ድስቱ ላይ ነበር። ቅመም ያለው ቅቤ እላዩ ላይ ተኝቷል፣ የሚጠጣው ዱቄት ብቻ አጥቷል። ይህን የት ነው የማውቀው አልሁ። ለካስ ከእናትህ ጓዳ! የተጋባን ሰሞን የካ ወርጄ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ጭኮ አልነበረም? የገብስ በሶ በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ሳይበላሽ የሚከርም፣ ለዘማች የሚቋጠር። በወጣህ ቁጥር ቋጥሬልሃለሁ። አንተ ገና አቃቂን ሳትሻገር ጨርሰህ፣ ስትመለስ “ለጓዶቼ አካፈልሁ” ትለኛለህ፤ ጓዶችህ ግን ቀምሰውት አያውቁም። ካረፍህ ወዲህ አልሠራሁም። ከቤት የሚወጣ ሰው ከሌለ ስንቅ ለማን ይቋጠራል?

ተነሣሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ በሶውን ነፍቼ ድስቱ ውስጥ ጨመርሁና ማሸት ጀመርሁ። በሶው ቅቤውን ጠጣ፣ ማሩ ዝቃጩን አያያዘው። እትዬ በለጡ፣ “አበድሽ እንዴ ልጄ?” ሲሉኝ ጠቅልዬ አጎረስኋቸው። አላምጠው ዋጡና ማማሰያቸውን አስቀመጡ። እትዬ በለጡ ማማሰያቸውን ሲለቁ አይተህ ታውቃለህ? “ጉርሻ ሲያንስ ያጣላል” ብለው አፋቸውን እንደገና ከፈቱ።

በማግስቱ በትሪ ደርድሬ ይዤ ገባሁ። እንግዶቹ ቀመሱ፣ ደገሙ። ፈረንጁ አንዷን አፉ ውስጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠውም “ይህ ስሙ ማነው?” አለ። ስም አላዘጋጀሁለትም ነበር። ከአፌ የወጣው የአንተ ነው፤ “የቶላ ስንቅ ይባላል” አልሁ። ወይዘሮዋ ስምህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ “ቤቱ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካሽም” አሉ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው። ድስቱ አጠገብ የቀረብኝን እልልታ ያን ጊዜ ጨምሬ አቀለጥሁት፤ ለሹመት እንኳ እንዲያ አይባልም።

ፈረንጁ ሰሞኑን ወደ አገሩ ሄደ። የተረፈውን ጭኮ በትንሽ አቁማዳ ቋጥሬ ሰጠሁት፣ እሱም ኮርቻው ላይ አሠረው። ምጽዋ ደርሶ የመጣ ነጋዴ ባገኘህ ቁጥር ባሕር ምን ይመስላል ትል ነበር። አንተ ሳታየው ስምህ ሊሻገረው ነው።

እኔም አልረሳህም። ባረፍህባት ቀን በየዓመቱ፣ ቸኮላት ባይኖረውም፣ ጭኮ አሽቼ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ሁሉ በስምህ እሰጣለሁ። “ለጓዶቼ አካፈልሁ” እያልህ ስትዋሸኝ የኖርኸውን እኔ እውነት አደርግልሃለሁ።

ሚስትህ አስካለ፣
ከቤታችን።