ሙፊዳ የተነሣችበት ወንበር

ነጂማዬ፣ ወላሂ እዚህ ጅዳ አንጀቴ እርር ብሏል!

«ጉባኤው ላይ ጥናትሽን ስታቀርቢ ከወረቀት አታንብቢ፤ አንድ ሰው መርጠሽ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ንገሪያት» ብለሽኝ አልነበር? ሙፊዳን መረጥኩ። የቤት ሠራተኛ ናት፤ ጥናቴም ስለ እሷና ስለ ጓደኞቿ የወገብ ሕመም ነው። ጋብዣት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ገና ስጀምር አንዱ ፕሮፌሰር ባዶ የሻይ ብርጭቆውን አቀበላት! እሷም ለምዶባት ተነሥታ የሁሉንም ሰብስባ ወጣች። ደሴ ቢሆን የጠሩት እንግዳ ብርጭቆ ያነሣል? «የምነግራት ሰው እስክትመለስ እጠብቃለሁ» ብዬ በሩን እያየሁ ቆምኩ። ዐሥሩ ደቂቃዬ አለቀ። ሙፊዳ እጇን በሻሿ እያደረቀች ገብታ «ኸላስ? ጨረስሽ እንዴ?» አለችኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ነገ ጉለይል የምትባለው ሰፈሯ፣ ክፍሏ ድረስ ሄጄ አቀርብላታለሁ፤ ብርጭቆውን የማጥበው ግን እኔ ነኝ።

ሩቅያሽ