ጋሽ ዝምታና የነጭ ፕላስተር ፊደላት

ጋሽ ዝምታ ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ወንዝ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ቢሆኑም ጠባዩ አብሯቸው የተወለደ ነው፤ እናታቸው «ይሄ ልጅ ሲወለድም እሪ አላለም» እያሉ ያወሩ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1961 ዓ.ም. የነፃ ትምህርት ዕድል በማግኘት ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ የውኃ ምህንድስናንም በሩሲያኛ ተማሩ። እዚያም ከአንዲት የክፍል ጓደኛቸው ሴት ልጅ ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. ትምህርታቸው ሲያበቃ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም አበቃ፤ የልጅቷም እናት አገሯን ትታ መምጣት አልሆነላትም። ሕፃኗን ታቅፈው የተነሡትን አንድ ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ደብዳቤ ጥቂት ዓመት ተመላለሰ፤ እናትና ልጅ ቤት ሲቀይሩ ግን አድራሻው ጠፋ፣ በዚያው ቀረ።

ጋሽ ዝምታ በውኃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀጥረው የፓምፕ ክፍሉን እስከ ጡረታ መርተዋል። በ1970 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አገቡ። ዝም የማይባልበት ነገር እንዳለ ያውቁ ነበርና ከሠርጉ በፊት የልጃቸውን ነገር ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ባለቤታቸውም ፎቶግራፉን ተቀብለው ሳሎን ሰቀሉት። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ያሳደጉት በዚያ ፎቶግራፍ ሥር ነው።

በ1998 ዓ.ም. የጠፋችው ልጅ ውጭ አገር አብረዋቸው በተማሩ አንድ የድሮ ጓደኛቸው በኩል አባቷን አግኝታ በኢሜይል ጻፈችላቸው። ከሩሲያኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም። የጋሽ ዝምታ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በብዕር የጻፉትን ራሳቸውም አያነቡትም። ጓደኛቸው እኔ ልጻፍልህ ቢሏቸው፣ አባትነት በውክልና አይሆንም አሉ።

ታላቁ ወንድ ልጃቸው ኮምፒዩተር ገዝቶ የጽሑፍ ፕሮግራሙን በሩሲያኛ አስተካከለላቸው። ኪቦርዱ ላይ ግን የነበሩት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ናቸው። ይኼን ያዩት ባለቤታቸው፣ ጋሽ ዝምታ ሐኪም ቤት በሄዱበት ጠዋት ነጭ ፕላስተር በጥቃቅኑ ቆራርጠው፣ የሩሲያኛውን ፊደል ከድሮው መማሪያ መጽሐፋቸው አንድ በአንድ እያዩ ጻፉና በየቁልፉ ላይ ለጠፉት። ጋሽ ዝምታ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ጥቂት ነካክተው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «እጅሽ ይባረክ» አሉ።

የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ሳምንታት ነጎዱ። ልጅቷ አባቴ አልፈለገኝም መሰለኝ ብላ ዳግመኛ ጻፈች። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ጣታቸውን በዳበሳ ሲሰዱ ዋሉ፤ እኛ ልጆቻቸው ኪቦርዱን እያዩ ቢጽፉ እንደሚፈጥን ብንነግራቸውም ፈገግ ብለው በዳበሳቸው ቀጠሉ። መልሱ ሲሄድ እሷም ማልቀሷን ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አንድ ገጽ ይልኩላት ነበር፤ አንድ ጊዜም መጥታ በዓይነ ሥጋ ተያይተዋል። የሩሲያኛ ፊደል የታተመበት አዲስ ኪቦርድ ብናመጣላቸው ወደ ካርቶኑ መለሱት። ግትርነት መሰለን። የፕላስተሩ ቀለም ሲደበዝዝ ባለቤታቸው ያድሱታል፤ እሳቸውም ይመርቃሉ።

ጋሽ ዝምታ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሐሙስ ከሰዓት የመጀመሪያ ልጃቸው ደርሳ፣ የስንብት ቃሏን በአባቷ ኮምፒዩተር ለመጻፍ ተቀመጠች። ፊደል ፍለጋ ወደ ኪቦርዱ ስታይ እጇን ሰበሰበች። በጓደኛቸው አስተርጓሚነት እንደነገረችን፣ የሩሲያኛ ኪቦርድ ፊደላቱ የሚደረደሩት እንደ መማሪያ መጽሐፉ ተራ አይደለም። እናታችን ግን በመጽሐፉ ተራ ነበር የለጠፉት፤ አንዱም ፕላስተር ከሚያወጣው ፊደል ጋር አይገጥምም። ጋሽ ዝምታ ትክክለኛውን ቦታ በጣታቸው እየፈለጉ በቃል አጥንተውት ኖረዋል።

ባለቤታቸው ይኼን ሲሰሙ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳርፈው «አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሻል አላለኝም» አሉና አለቀሱ። ልጅቷም ፕላስተሩን ሳትነቅል፣ እንደ አባቷ ስክሪኑን እያየች ጻፈች። ቃሏን ጓደኛቸው ከዚህ ቀጥለው ያነቡልናል።

ጋሽ ዝምታ ከባለቤታቸው፣ ከአራት ልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። እሳቸው እንደመረቁትም የባለቤታቸውን እጅ ይባርክ።