ፍሬኑን ያልሰማው እግር

ውድ ጓደኛዬ፣

ከቀበርንህ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ስምህን የሚያነሳ ጠፋ። ሾፌሮቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ይለውጣሉ፤ ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። እንግዲህ ላንተው ልጻፍልህ። የሆዴን ካንተ ሌላ ለማን አውርቼው አውቃለሁ?

አውቶቡስ ስትነዳ የቆመ ተሳፋሪ እንኳ አይንገዳገድም ነበር። «ይሄ ሰው እግሩ ላይ ዓይን አለው» ይሉህ ነበር። እኔም የፍሬንህን ሸራ ፈትቼ ሳየው ብዙም ሳይበላ አገኘዋለሁ፤ «አንተ ባለህበት መካኒክ ጦሙን ያድራል» እልህ ነበር።

ስኳር አለብህ ሲሉህ ሳቅክ። «ሰውን የሚገድለው ምሬት ነው እንጂ ስኳር ምን ያደርጋል?» አልከኝ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ትወስዳለህ፣ ሌላ ቀን ትረሳለህ። ቀስ በቀስ እግርህ ይደነዝዝ ጀመር። አንድ ቀን ጫማህ ወልቆ በካልሲ ስትነዳ ያየችህ ከኋላህ የተቀመጠች እናት ናት። ነግራህ ነው ያወቅከው። ስታጫውተኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ምኑ ነበር የሚያስቀው?

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። አውቶቡሱን ወደ ጥገናው ቦታ ስታስገባ እኔ ከፊት ቆሜ በእጄ እመራሃለሁ። «ና፣ ና፣ ና... ቁም!» አልኩ። ሰምተኸኛል፤ በፊት መስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ፊትህ ደነገጠ፣ መኪናው ግን መጣ። እግርህ ፍሬኑን ሲፈልግ እኔ ከኋላዬ ካለው የብረት ጠረጴዛ ጋር ተጣብቄያለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ጩኸትህ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። «ረገጥኩ እኮ! ረገጥኩ!»

ከአደጋው በኋላ የተደረገልህን ምርመራ ባለቤትህ አጫወተችኝ። ሐኪሙ ዓይንህን አስጨፍኖ እግርህን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርግ ቆይቶ ሲጨርስ፣ አንተ «ይጀምሩ እንጂ ዶክተር» አልከው። መብራት ሲበራ ቁልፍ ተጫን ቢልህም እጅህ ዘገየ። ስኳሩ ነርቭህን ጎድቶታል፣ ከእግር ወደ አንጎል፣ ከአንጎል ወደ እግር የሚሄደው መልእክት አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል አለህ። መንጃ ፈቃድህ ተወሰደ።

በክራንች መራመድ እንደጀመርኩ ቤትህ መጣሁ። አልከፈትክም።

«ሂድልኝ ወንድሜ፣ በምን ዓይኔ ልይህ?» አልከኝ ከውስጥ።

«ክፈት፣ አንተ ግትር! ቆሜ ልደር እንዴ?»

ከበሩ ወዲያ ስትተነፍስ እሰማሃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ተቀይሜህ ነበር። ያን ቀን ግን ቅያሜዬ አልቆ ነው የመጣሁት። ይሄ ደግሞ ፊት ለፊት እንጂ በተዘጋ በር እንዴት ይነገራል?

መድኃኒቱን እስከነጭራሹ ተውከው። ጫማህ ውስጥ የገባ ሚስማር እግርህን ሲወጋ ዋለ፤ አልተሰማህም። ቁስሉን ስታየውም በካልሲ ሸፈንከው። ሽታው ነው ያጋለጠህ። ሐኪም ቤት ስትደርስ የቁስሉ መርዝ ደምህ ውስጥ ገብቷል፤ እግርህን ቆርጠውትም አልተሻለህም።

ባለቤትህ ስትጠራኝ እያነከስኩ መጣሁ። ትኩሳቱ አናትህ ላይ ወጥቷል። እጅህን ይዤ «እኔ ነኝ» አልኩህ። አላወቅከኝም። የስምሪት ኃላፊው መሰልኩህ መሰለኝ፣ በአንቱታ አናገርከኝ።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ሰው ፌርማታ ላይ ቆሟል።»

ምን ልበልህ? «አልተቀየምኩህም» ልልህ ነበር አመጣጤ፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ሞተሩ ተነሥቷል፤ ሂድ» አልኩህ።

ፈገግ አልክ። ከዚያ በኋላ አልተናገርክም።

ሰው ሁሉ «በሰላም ሸኘኸው» ይለኛል። እኔ ግን ይቅርታዬን አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ፤ አልውጠው፣ አልተፋው። እንደሱው ይዤው አረጃለሁ።

አፈሩ ይቅለልህ።

ያንተው መካኒክ