የቦጋለች አመድ

ልጄ ካሚል፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ባለህበት አላህ ይጠብቅህ፤ ሪዝቅህን ያስፋልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትህ አሁንም ሂርና ገበያ ይመላለሳል፤ ጉልበቱን ግን ያመዋል።

እኔን ያቃጠለችኝ ጎረቤታችን ቦጋለች ናት። አንተ ግቢውን በሲሚንቶ ሊሾ ካስደረግክልን ወዲህ ዶሮዎቼ የሚንከባለሉበት አፈር አጡ። እሷ ደግሞ አሮጌ ጎማ ውስጥ ደረቅ አፈርና የምድጃ አመድ ሞልታ አጥሩ ሥር አስቀመጠች። የኔዎቹ ጠዋት በአጥሩ ሾልከው እዚያ ገላቸውን ሲታጠቡ ይውላሉ። ቅማላቸው ጠፋ፣ ላባቸው አማረ። እንቁላሉንም እዚያው ይጥሉላታል! እሷም በሰሃን ይዛልኝ ትመጣና "አስማ፣ ዶሮዎችሽ እኔን ለመዱ" ትለኛለች። እንቁላሉን ብታስቀረው ይሻለኝ ነበር።

እኔም እልህ ይዞኝ በሳፋ አፈርና አመድ አዘጋጀሁላቸው። ግን ሊሾውን በየማለዳው ካላጠብኩ አይሆንልኝም፤ ውሃው ገባበትና ጭቃ ሆነ። አንዷም ዞር ብላ አላየችው።

ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። ከሊሾው ጥግ ትንሽ ላስፈነቅል፣ ፍቀድልኝ። አንተ ሄደህ፣ ዶሮዎቹም ቦጋለች ዘንድ ከዋሉ፣ እኔ ይህን ንጹሕ ግቢ ለማን ነው የማጥበው?

አላህ በሰላም ወደ ደጅህ ይመልስህ።

እናትህ አስማ፣ ከጭሮ